የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሞሮኮ የገባችበት ዩሮቪዥን ለእኛ ለምን ተዘጋ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የዩሮቪዥንን የዘፈን ውድድር በየዓመቱ በዩቲዩብ እከታተላለሁ። ጓደኞቼ «የአውሮፓ ነው፣ ሌላው አይገባበትም» ይሉኛል። እኔ ደግሞ እስራኤልና አውስትራሊያ ሲወዳደሩ እያየሁ አላምናቸውም። ከአፍሪካ የገባ አገር አለ? ኢትዮጵያስ መግባት ትችላለች? ተከራክረን ስላልተስማማን ዳኝነቱን ለእርስዎ ትተናል።
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ረትተሃቸዋል፣ ሻይ ያስጠጡህ። ከአፍሪካ የገባ አገር አለ። አንድ ነው፤ የገባውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሞሮኮ፣ በ1980። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

የ1979ኙ ውድድር የተካሄደው ኢየሩሳሌም ሲሆን ያሸነፈችውም ራሷ እስራኤል ነበረች። እንደ ልማዱ ያሸነፈ አገር የሚቀጥለውን ዓመት ያዘጋጃል። እስራኤል ግን በ1978ም አሸንፋ ገና ድግሱን አውጥታ መጨረሷ ነውና «ሁለት ዓመት በተከታታይስ አልችልም» አለች። ኔዘርላንድስ ተረከበችና ዘ ሄግ ላይ ለሚያዝያ 19፣ በእኛ ሚያዝያ 11 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ቀጠሮ ያዘች። ያ ቀን ደግሞ እስራኤል በጦርነት የሞቱባትን ከምታስብበት ዕለት ጋር ገጠመ። ስለዚህ የዓምናዋ አሸናፊ ሳትመጣ ቀረች፤ ሞሮኮ የመጣችውም በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ ነገር በአጋጣሚ ነው የተገናኘው የሚል ካለ ይበል፤ እኔ አይመስለኝም፤ እስራኤል ባለችበት መድረክ መቆም ለአረብ አገሮች ከባድ ነበርና። በ2005 ሊባኖስ ዘፋኟን መርጣ፣ ዘፈኗን አሳውቃ ከጨረሰች በኋላ የወጣችው የእስራኤልን ተራ በቴሌቪዥኗ ማሳየት በሕጓ ስለማይፈቀድላት ነበር። ቱኒዚያም በ1977 የመድረክ ተራ ዕጣ ሁሉ ወጥቶላት ነበር፤ ሳትዘፍን ቀረች።

ወደ ዘ ሄግ እንመለስ። ሞሮኮን ወክላ የወጣችው ሳሚራ ቤንሳይድ የምትባል ወጣት ናት፤ ከአሥራ ዘጠኙ ተወዳዳሪዎች በአምስተኛው ተራ። «ቢታቃት ሁብ» የተባለውን ዘፈኗን በአረብኛ ዘፈነች፤ በዚያ መድረክ አረብኛ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ነጥቡ ሲነበብ የሆነውን ልብ በል። በዚያን ጊዜ ደንብ እያንዳንዱ አገር ለአሥር ዘፈኖች ነጥብ ይሰጣል፤ ለአንደኛው 12፣ ለሁለተኛው 10፣ ከዚያ ከ8 ጀምሮ እየወረደ እስከ 1። ለሞሮኮ ነጥብ መስጠት ይችሉ ከነበሩት አሥራ ስምንት አገሮች አሥራ ሰባቱ ምንም አልሰጧትም። ጣሊያን ብቻ 7 ሰጠች። በዚያች 7 ነጥብ 18ኛ ወጣች፤ ከኋላዋ የቀረችው ባለ 6 ነጥቧ ፊንላንድ ነበረች። ያሸነፈው የአየርላንዱ ጆኒ ሎጋን 143 ነጥብ ነበረው።

እኔን የምትገርመኝ ግን ያቺ 7 ናት። ሰባት ማለት ለጣሊያን ዳኞች ዘፈኑ በዚያ ምሽት ከሰሟቸው ሁሉ አራተኛ ነው ማለት ነው። አንዱ አራተኛ ያለውን ዘፈን አሥራ ሰባቱ ከአሥሩ ውስጥ እንኳ ካላስገቡት፣ ጉድለቱ የዘፈኑ ብቻ ነው ብዬ አልፈርድም፤ የጆሮ ልማድም አለበት። ሞሮኮ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ልጅቱ ግን ካይሮ ገባች፣ ሳሚራ ሰዒድ ተባለች፣ በአረቡ ዓለም ስመ ጥር ሆነች። በ18ኛነት የተሸኘ ሰው ሁሉ እንዲህ ቢቀናው!

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በዩሮቪዥን የሚወዳደሩት፣ በደንቡ፣ አገሮች ሳይሆኑ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ናቸው። ጣቢያው በ1950 የተቋቋመው የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት አባል መሆን አለበት። አባል ለመሆን ደግሞ አገሩ በአውሮፓ የሥርጭት ክልል ውስጥ መገኘት ወይም የአውሮፓ ምክር ቤት አባል መሆን ይኖርበታል። የሥርጭት ክልሉ ከአህጉሩ ካርታ ይሰፋል፤ በደቡብ እስከ 30 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ በምሥራቅ እስከ 40 ዲግሪ ኬንትሮስ ይደርሳል፤ ከዚያም ውጭ ያሉ ጥቂት አገሮች በስም ተጨምረዋል። እስራኤል፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያ፣ አልጄሪያ፣ ግብፅ፣ ሊባኖስ ሁሉም በዚህ በር ይገባሉ። የሚገርመው በምሥራቁ መስመር ብቻ ቢሆን አዲስ አበባ ትገባ ነበር፤ 39 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። የቆረጠን የደቡቡ መስመር ነው። እኛ ሰሜን ጫፋችን 15 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከመስመሩ ለመድረስ ሱዳንን አልፎ ግብፅ ውስጥ ብዙ መሄድ ያስፈልጋል።

አውስትራሊያስ? እሷ በግብዣ ነው የገባችው። ኤስቢኤስ የተባለው ጣቢያዋ ውድድሩን ከ1983 ጀምሮ ሲያሳይ ኖሮ፣ በ2015 ለ60ኛው ዓመት በዓል «ኑ» ተባለ፤ እንግዳዋም በዚያው ቤተኛ ሆነች። በ2016 ዳሚ ኢም ሁለተኛ ወጣችላቸው። ስለዚህ ለኢትዮጵያ የሚታየኝ መንገድ ይኸው የግብዣ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ውድድሩን ዓመት ከዓመት የሚያሳይ ጣቢያና ሌሊት ቁጭ ብሎ የሚያይ ተመልካች ይጠይቃል። አሁን ሁለቱም የሉንም።

ብንጋበዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዘፈን ከሦስት ደቂቃ እንዳይበልጥ ደንቡ ያዛል። የእኛ ሰው መግቢያ ሙዚቃውን አጣጥሞ፣ ሳክስፎኑ ተናግሮ፣ ድምፃዊው «እ...» ብሎ እስኪጀምር ድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚሄድ ታውቃለህ። ካሴት ላይ ስድስት ደቂቃ የለመደ አቀናባሪ እዚያ ቢሄድ አዝማቹን ሳይደግም መብራት ይጠፋበታል። መድረክ ላይ ከስድስት ሰው በላይ አይወጣም፤ እስክስታ ወራጆቹን መቁጠር የአንተ ፋንታ ነው። ከ1999 ወዲህ ኦርኬስትራው ቀርቶ ሙዚቃው የተቀዳ ነው፤ በቀጥታ የሚሰማው የዘፋኙ ድምፅ ነው። ማሲንቆ ይዘን ብንወጣ ገመዱን የምናሸው ለታይታ ነው። ይህን የሚቀበል ማሲንቆ መቺ ካለ አስተዋውቀኝ።

ጥያቄ፦ በእስራኤል በኩል አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማርኛ ዘፍናለች ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው።
(አንባቢት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ ለጥቂት አመለጠን። ኤደን አለነ ትባላለች፤ ኢየሩሳሌም የተወለደች፣ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ። በ2020 እስራኤልን እንድትወክል ተመረጠችና «ፍቅር ልቤ» የተባለ ዘፈን ተሰጣት። ርዕሱን እንደሚያዩት የእኛው ነው፤ ግጥሙ ውስጥም አማርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ አረብኛና እንግሊዝኛ አሉበት። ውድድሩ ሮተርዳም ሊካሄድ ሁለት ወር ሲቀረው ኮሮና መጣና ተሰረዘ። ለ2021 እሷው ተመረጠች፤ የ2020ው ዘፈን ግን በደንቡ ተመልሶ አይገባምና ሌላ ይዛ ሄደች። ይኼኛው አማርኛ የለበትም። ለፍጻሜ ደርሳ በ93 ነጥብ 17ኛ ወጣች። በዘፈኑ መጨረሻ የምትለቀው ቀጭን ፉጨት መሳይ ድምፅ በውድድሩ ታሪክ ከተሰሙት ሁሉ ከፍተኛው ተብሎላታል። ለእኔ ግን የቀረው ይበልጥብኛል፤ እንዲያው ዕድል አጥተን ነው እንጂ!

የጎረቤት ልጅ ካነሳን ዘንድ፣ ወላጆቿ ኤርትራውያን የሆኑት የቦሎኛዋ ሰንሒት ትንሿን ሳን ማሪኖን በ2011ም በ2021ም ወክላለች። የዘፋኙ ዜግነት አይጠየቅማ! ካናዳዊቷ ሴሊን ዲዮን በ1988 ያሸነፈችው ለስዊዘርላንድ ነው። አገራችን ባትገባ ልጆቻችን በሌላው በር መግባት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከዚህ ሆኜ ድምፅ መስጠት እችላለሁ?
(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ትችላለህ፤ ከ2023 ጀምሮ። ተወዳዳሪ ያልሆኑ አገሮች ተመልካቾች በኢንተርኔት የሚሰጡት ድምፅ በአንድነት ተደምሮ እንደ አንድ አገር ነጥብ ይቆጠራል። ድምፁ በነፃ አይደለም፤ ውጭ አገር የሚከፍል የባንክ ካርድ ያስፈልግሃል። ፍጻሜው ግንቦት ውስጥ ቅዳሜ ማታ ነው፤ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምርና እስከ ሌሊቱ 8 ገደማ ይዘልቃል። እሁድ ጠዋት ጉዳይ ካለህ አስብበት።