ቻምበር ሮክ ማለት ቫዮሊን የገባበት ሮክ ነው? ለጠየቀው ወንድማችን

ትናንት ማታ አንድ ወንድማችን እዚህ ግሩፕ ላይ ጥያቄ አስቀምጦ ነበር። «ፕሮግረሲቭ ሮክ እወዳለሁ። አንድ ጓደኛዬ ቻምበር ሮክ የሚባል ነገር አለ አለኝ። ቫዮሊን የገባበት ሮክ ማለት ነው? ከምን ልጀምር? ትዝታና ባቲ ሰምቶ ላደገ ጆሮስ ይስማማል?» ይላል። ከስሩ የተሰጡት መልሶች አጫጭር ናቸው። እኔ ከዚህ ሙዚቃ ጋር ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርህ። ተማሪ ነበርኩ። ጅማ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም በማይርቅ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ወሩ ነሐሴ ነው። የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው የሚናገረው አይሰማህም። ግብርና የሚማር ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ። ውጭ የሚኖር የአጎቱ ልጅ የሰበሰበው ሙዚቃ ነው። ፒንክ ፍሎይድ አለ፣ ጄኔሲስ አለ፣ ኪንግ ክሪምሰን አለ። እነሱን አውቃቸዋለሁ፣ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለውን ረጃጅምና የተወሳሰበ ሮክ የሚጫወቱ የእንግሊዝ ባንዶች ናቸው። ከስር ግን «ዩኒቬር ዜሮ» የሚል ፎልደር አየሁ። ሰምቼው የማላውቅ ስም ነው።

ከፈትኩት። «ላ ፎ» የሚል፣ 25 ደቂቃ የሚፈጅ ፋይል አለ። ኢርፎን ስላልነበረኝ በላፕቶፑ ስፒከር አጫወትኩት። ምንም አይሰማም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርኩ። ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው። ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ልዘጋው ስል ዝናቡ ጋብ አለ። ያኔ ከታች አንድ ነገር ሲያጉረመርም ሰማሁ። መጀመሪያ በገና መሰለኝ። ያ የበገና ዝዝታ አለ አይደል፣ ጅማቱ ሲርገበገብ የሚያወጣው፣ ደረት ውስጥ የሚገባው? እሱን የመሰለ ነገር። ግን በገና አይደለም። ወደ ስፒከሩ ተጠግቼ ጆሮዬን ሰጠሁት። ጥቂት ቆይቶ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ እሱም አብሮ ጠፋ። መብራት የመጣው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ቻምበር ማለት ክፍል ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ የሚቀርበው ቃል እልፍኝ ይመስለኛል። አዳራሽና እልፍኝ አንድ አይደሉም። አዳራሽ ለብዙ ሰው ነው። እልፍኝ የቅርብ ሰው የሚገባበት ነው። በአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃም ልዩነቱ ይኸው ነው። ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ አሥርና ከዚያ በላይ ቫዮሊኖች አንድ ዓይነት ዜማ አብረው ይጫወታሉ። አንዱ ቢያስነጥሰውና ቢያቆም ማንም ልብ አይለውም። ቻምበር ሙዚቃ ውስጥ ግን ለእያንዳንዱ ዜማ አንድ ተጫዋች ብቻ ነው ያለው። ከፊት ቆሞ ዱላ የሚያወዛውዝ መሪም የለም። ለምሳሌ ስትሪንግ ኳርቴት የሚባለው ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ (ከቫዮሊን ወፈር ያለ ድምፅ ያለው)፣ አንድ ቼሎ (ከሁለቱም የሚወፍር) ነው። አራት ሰዎች ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይጫወታሉ። አንዱ ካቆመ ቤቱ አንድ ግድግዳ አጣ ማለት ነው።

ቻምበር ሮክ ይህን አሠራር ወደ ሮክ ባንድ ያመጣ ሙዚቃ ነው። ስለዚህ ቫዮሊን መኖሩ ምልክት እንጂ ትርጉሙ አይደለም። እኔ አንድ መፈተኛ አለኝ። ሙዚቃውን እየሰማህ በሐሳብህ አንዱን መሣሪያ አውጣው። ዘፈኑ ትንሽ ሳሳ ብሎ ከቀጠለ ያ መሣሪያ ጌጥ ነበር። ዘፈኑ ከፈረሰ ግን እልፍኙ ውስጥ ነህ።

በዚህ መፈተኛ ብዙ ዝነኛ ነገር ይወድቃል። መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። ሙዲ ብሉዝ በ1967 ከኦርኬስትራ ጋር አልበም ሠርተዋል። ዲፕ ፐርፕል በ1969 ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር ተጫውተዋል። ሁለቱም የአዳራሽ ሙዚቃ ናቸው። ባንዱ እዚህ፣ ኦርኬስትራው እዚያ፣ ተራ እየተሰጣጡ። ቢትልስ በ1966 «ኤሊኖር ሪግቢ»ን ሲቀርጹ ደግሞ የሆነው ተቃራኒው ነው። አራት ቫዮሊን፣ ሁለት ቪዮላ፣ ሁለት ቼሎ አለ፣ ከቢትልስ አንዳቸውም መሣሪያ አልነኩም። ቻምበሩ አለ፣ የሮክ ባንዱ ግን የለም። እኔ የምልህ ሙዚቃ ሁለቱ አንድ አካል የሆኑበት ነው።

እኛ አገር ይህን ነገር ለማስረዳት የሚቀለኝ እምቢልታ ነው። ሦስት ሰዎች እምቢልታ ሲነፉ አይተህ ከሆነ እያንዳንዳቸው ያላቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው። አንዱ ብቻውን ዜማውን ሊጫወተው አይችልም። ዜማው የሚገኘው ሦስቱ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። የደራሼዎች ፊላ የሚባለው የቀርከሃ ትንፋሽ መሣሪያም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጥቂት ድምፅ ይዞ ይገባል፣ ዜማው የሁሉም ነው። ዩኒቬር ዜሮን ስሰማ ትዝ የሚሉኝ እነሱ ናቸው እንጂ ሞዛርት አይደለም።

ስለ ዩኒቬር ዜሮ ትንሽ ልበል። የቤልጅየም ባንድ ነው። ዳንኤል ደኒ የሚባል ድራመር በ1974 መሠረተው። በ1977 የወጣውና በኋላ «1313» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ሰባት ሰዎች አሉ። ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ሃርሞኒየምና ባሱን። ሃርሞኒየም በእግር እየረገጥክ አየር የምትሞላው ትንሽ ኦርጋን ነው። ባሱን ደግሞ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ ከእንጨት የሚሠራ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ያን ሌሊት ቤቴ ውስጥ በገና የመሰለኝ የእሱና የሃርሞኒየሙ ድምፅ ነበር። «ላ ፎ» ያለበት አልበም «ኤሬዚ» ይባላል፣ የ1979 ነው። ሦስት ሥራ ብቻ ነው ያለበት።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ባሱኑ ያወራል። እኔ ግን ድራሙን ስማ እላለሁ። በተለመደው ሮክ ድራም ቤቱን ተሸክሞ የሚቆም ምሰሶ ነው። ምቱን ይጠብቃል፣ ሌላው በላዩ ላይ ይጨፍራል። ደኒ ጋ ድራሙ እንደ ቫዮሊኑ የራሱ መስመር አለው። ቫዮሊኑ ሦስት ድምፅ ይላል፣ ድራሙ አራተኛውን ይመልሳል። አንዳንዴ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ዝም ሲል ራሱ ይሰማሃል። ከዋናዎቹ አቀናባሪዎች አንዱ ድራመሩ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ምቱም በአራት አይቆጠርም። በአምስት፣ በሰባት፣ አንዳንዴም እየተቀያየረ ይሄዳል። በቺክቺካ ላደገ ሰው መጀመሪያ እግር ያደናቅፋል። አትቁጠር። ሐረጉን ያዝ፣ እግርህ በራሱ ጊዜ ይደርስበታል።

ከየት መጣ ካልከኝ፣ አንዱ እግሩ ክላሲካል ውስጥ ነው። የሩሲያው አቀናባሪ ስትራቪንስኪ በ1913 ፓሪስ ላይ ያቀረበው «የጸደይ መሥዋዕት» የሚጀምረው ለብቻው በሚጫወት ባሱን ነው። የሃንጋሪው ባርቶክ ስድስት የስትሪንግ ኳርቴቶች አሉ። እነሱን አንድ ቀን ስማቸው። ድራም ሳይኖር እንዴት እንደሚመታ ትገረማለህ። ሌላው እግሩ ሮክ ውስጥ ነው። እንግሊዞቹ ሄንሪ ካው በ1968 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተነሡ። በኋላ ባሱንና ኦቦ የሚባል ቀጭን ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ የምትጫወተው ሊንዚ ኩፐር ገባች። ፈረንሳዮቹ አር ዞይድ በ1976 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ጭራሽ ድራመር አልነበራቸውም። ቫዮሊን፣ ትራምፔት፣ ጊታርና ቤዝ። ድራም የሌለው ሮክ ይሆናል? እሱን ስማና ራስህ ፍረድ። ለእኔ ሆኗል።

አንድ የሚያምታታ ነገር ላጥራ። ብዙ ሰው ቻምበር ሮክንና «ሮክ ኢን ኦፖዚሽን»ን አንድ ያደርጋቸዋል። አይደሉም። ሮክ ኢን ኦፖዚሽን በማርች 12 ቀን 1978 ለንደን ላይ የአምስት አገር ባንዶች በአንድ መድረክ ተገናኝተው የጀመሩት እንቅስቃሴ ነው። ሄንሪ ካው ጠሩ፣ ከጣሊያን፣ ከስዊድን፣ ከቤልጅየምና ከፈረንሳይ አንድ አንድ ባንድ መጣ። መፈክራቸው «ሙዚቃ አሳታሚዎቹ እንድትሰሙት የማይፈልጉት ሙዚቃ» የሚል ነበር። ማለትም ያገናኛቸው የአሠራርና የገበያ ጉዳይ ነው። የስዊድኖቹ ሳምላ ማማስ ማና ለምሳሌ ፈንጠዝያ የበዛበት የሕዝብ ዜማ ይጫወታሉ። እወዳቸዋለሁ፣ ግን እልፍኝ ውስጥ አላስገባቸውም። ቻምበር የአጻጻፍ ዘዴ ስም ነው፣ ያኛው የማኅበር ስም ነው።

ከምን ልጀምር ላልከው፣ እኔ በጀመርኩበት አትጀምር። «ላ ፎ» መግቢያ በር አይደለም። አሁን ከምታውቀው ተነሥ። የኪንግ ክሪምሰን «ሬድ» የ1974 አልበም ነው። እዚያ ውስጥ «ስታርለስ»ን አጫውት። መሐሉ ላይ ጊታሩ አንዲት ድምፅ ይዞ ደቂቃዎች ይቆያል፣ ሌሎቹ ከሥሩ ያድጋሉ። ያ ትዕግሥት ነው ወደ እልፍኙ የሚያስገባው። ቀጥለህ የጄንትል ጃየንትን «ኦክቶፐስ»፣ የ1972ቱን። እነሱ ዘፈን ይዘፍናሉ፣ ግን ድምፃቸው ራሱ አራት መስመር ሆኖ ይጠላለፋል። ድልድዩ እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ የዩኒቬር ዜሮን የ1981 አልበም «ሰ ዱ ደኦር»ን ስማ። ጨለማው አለ፣ ግን ምቱ ይዞህ ይሄዳል። እሱን ከወደድከው «1313»፣ በመጨረሻ «ኤሬዚ»። የሄንሪ ካውን «ዌስተርን ካልቸር» መሐል ላይ የፈለግክበት ቦታ አስገባው። አዲስ ነገር ከፈለግክ ደግሞ አራኒስ የሚባሉ ቤልጅየሞች አሉ። ፍሉት፣ ቫዮሊን፣ አኮርዲዮን፣ ፒያኖ። ለስለስ ይላሉ።

በስልክ ስፒከር አትስማ። ባሱኑና ቤዙ እዚያ ውስጥ ይጠፋሉ፣ ግማሹን ሙዚቃ አልሰማህም ማለት ነው። ርካሽም ቢሆን ኢርፎን አድርግ። አንድ ሥራ ሦስት ጊዜ ስማ። በመጀመሪያው ባሱኑን ብቻ ተከተል፣ በሁለተኛው ቫዮሊኑን፣ በሦስተኛው ድራሙን። በአራተኛው ሁሉም አብረው ይመጡልሃል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄህ ልምጣ፣ ስለ ጆሮ። የእኛ ጆሮ በሁለት ነገር ይለያል። አንዱ ያግዝሃል፣ አንዱ ያስቸግርሃል። የሚያግዝህ የአንቺሆዬ ቅኝት ነው። ይህ ሙዚቃ ለብዙ ሰው የሚከብደው ተጠጋግተው የሚፋተጉ ድምፆች ስላሉበት ነው። አንቺሆዬ ውስጥም እንደዚያ ዓይነት ድምፆች አሉ። እኛ በሠርግም በሐዘንም ሰምተነዋል። የተፋተገ ድምፅ አያስደነግጠንም። የጅማው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄም የእኛን አምስት ድምፅ በጃዝ ላይ ሲያስቀምጥ በጥንቃቄ ብዙ የደከመው ቅኝቱ እንዳይጠፋ ነው፣ ያን የመሰለ ጥንቃቄ እዚህም ታገኛለህ። የሚያስቸግርህ ደግሞ ብዙ መስመር በአንድ ጊዜ መከተል ነው። አዝማሪና ማሲንቆው አንድ ዜማ ነው የሚከተሉት። ጆሯችን አንድ ዜማ ፈልጎ መያዝ ለምዷል። እዚህ ግን የትኛው ነው ዜማው ብለህ ከፈለግክ ትደክማለህ። ሁሉም ነው።

ይህን የምልህ በራሴ ብቻ አይቼው አይደለም። አከራዬ እናት ሙዚቃ ብዙ የሚከታተሉ ሰው አይደሉም። አንድ እሑድ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ላፕቶፑን ይዤ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ቀኑ ፀሐያማ ነበር። አቦል ሲቀዳ «ላ ፎ»ን ከፈትኩ። ጥቂት ሰምተው ሲኒውን ይዘው ቀና አሉ። «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞቶብሃል እንዴ?» አሉኝ። አይ እማማ፣ ሙዚቃ ነው አልኳቸው። ልዝጋው ስል «ተወው» አሉ። ጀበናውን እንደገና ጣዱ። ቡናው እስኪፈላ ዝም ብለው ሰሙ። ቶና ተቀድቶ ሲያልቅ ሙዚቃውም አለቀ። ምንም አላሉም።

በሚቀጥለው እሑድ ላፕቶፑን ሳልይዝ ወጣሁ። አቦሉን ሰጡኝና አዩኝ።

«ያ ጎርናናው ዛሬ የለም?»