ደንብ ከመጻፋችሁ በፊት የፀጉር ቤቷን ሴትዮ አነጋግሩ

እህቴ፣ «አትላንታ ኦበርን ጎዳና ላይ ቡና መሸጫ ከፍተናል፤ የነጋዴዎች ማኅበር አቋቁመን አካባቢውን ልናነቃቃ ነው፤ ከየት እንጀምር?» ያልሽውን ሳነብ የራሴ ሞኝነት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እኔ ያለሁት ዋሽንግተን፣ ዩ ስትሪት አጠገብ ነው። ከተማው ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም የጥቁር አሜሪካውያን ነባር ሰፈሮች ናቸው። የእናንተን ሰፈር አውራ ጎዳና ለሁለት ሰነጠቀው፤ የእኛን መጀመሪያ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል የተነሣው የ1968ቱ ቃጠሎ፣ ቀጥሎ በ1991 ጣቢያው እስኪከፈት ድረስ የምድር ባቡሩ ቁፋሮ ጎዳው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ንግድ ፈቃድ አልነግርሽም፤ ሱቅ ከከፈትሽ ታውቂዋለሽ።

1. መተዳደሪያ ደንብ ከመጻፋችሁ በፊት ነባሮቹን አግኙ። እኛ አላደረግነውም። ዘጠኝ ሆነን፣ ዘጠኛችንም ሐበሾች፣ ማታ ምግብ ቤቴ ውስጥ ተሰብስበን በአማርኛ ተወያየን። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጥን፤ የዘገየ 10 ዶላር ይቀጣል ብለን ጻፍን። ዕድር በሉት! ሁሉ ካለቀ በኋላ በእንግሊዝኛ አስተርጉመን ለጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን «ኑና ፈርሙ» ብለን አደልን። የመጡት አንዲት ፀጉር ቤት ያላቸው ሴትዮ ብቻ ነበሩ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ስድስቱንም ገጽ አነበቡ፤ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመሩት ግን አንዲት ቃል ላይ ነው፦ «መሥራቾች»። ከ1974 ጀምሮ እዚሁ ጎዳና ላይ ኪራይ እንደሚከፍሉ ነግረውኝ ወረቀቱን መለሱልኝ። ያፈላሁላቸውን ቡና እንኳን አልቀመሱም።

አልዋሽም፣ ተቀየምኩ። ባዶ ሱቅ ተከራይተን መብራት ያበራን እኛ አይደለንም እንዴ? በ2005 የእኛ ሰዎች ዘጠነኛው ጎዳና አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል ሲሉ ነባሮቹ ለምን እንደተቃወሙ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰፈሩ የጃዙ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ነው። የመሐል ከተማ ሆቴሎች ጥቁር አናስተናግድም ባሉበት ዘመን ሰዎቹ የገዛ ገንዘባቸውን አዋጥተው በ1919 ዋይትሎው ሆቴልን ያቆሙት እዚሁ ነው። ማኅበር የሚባለውን ነገር ከእኛ ሊማሩ ነበር እንግዲህ!

2. የሱቃችሁን ፊት ሳታስፈቅዱ አትንኩ። እኔ በአሮጌው ሸክላ ላይ የሚያበራ የፕላስቲክ ሰሌዳ ሰቀልኩ። ሰፈሩ በታሪካዊ ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ ተቆጣጣሪ መጥቶ አስወረደው፤ 4,200 ዶላር ውኃ በላው። ለአዲስ ፈቃድ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና እንኳን ሳይል «ድረ ገጹ ላይ አለ» እያለ ማመልከቻዬን በሁለት ጣቱ ገፋው። በሁለት ጣት! ዝንብ የሚያባርር ይመስል።

በመጨረሻ አፍሬም ቢሆን ሴትዮዋ ዘንድ ሄድኩ። ይቅርታዬን ሳልጨርስ ከፀጉር ማድረቂያው ሥር የጫማ ካርቶን ጎትተው አወጡ። ውስጡ ከቃጠሎው በፊት የተነሡ ፎቶግራፎች ነበሩ፤ አንዱ ላይ የእኔው ሕንፃ፣ የልብስ ሰፊ ሰሌዳ በብረት ክንድ ተንጠልጥሎበት ይታያል። ያንን ፎቶ ስዘረጋለት ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። በዚያው ልክ የተሠራ የእንጨት ሰሌዳ ተፈቀደልኝ፤ ዛሬ ሰው ቆሞ ፎቶ ያነሣዋል።

3. ልረሳው ነበር፦ በአሜሪካ የግብር ሕግ የንግድ ማኅበር 501 ሲ 6 በሚባለው ክፍል ይመዘገባል፣ በጎ አድራጎት 501 ሲ 3 በሚባለው። እኛ በመጀመሪያው ገባን፤ ለጋሽ ድርጅቶች በብዛት የሚሰጡት ለሁለተኛው ነው። አንድ ዓመት ከሰርን። ልዩነቱን ያልነገረንን የሒሳብ ባለሙያ ዛሬም ሳየው መንገድ እሻገራለሁ።

ደንቡን እንደ አዲስ ስንጽፍ ሴትዮዋ ገንዘብ ያዥ ሆኑ፤ በመሥራቾች ዝርዝር ውስጥም የተዘጉትን ሱቆች ስም ጭምር አስገቡ። ከእኛ ረቂቅ ሳይነኩ ያስቀሩት የመዘግየት ቅጣቱን ብቻ ነው። ባለፈው ወር 12 ደቂቃ ዘግይቼ ስገባ 10 ዶላሬን ተቀብለው ደረሰኝ ቆረጡልኝ።