ውድድሩ ሊደርስ ሲል ለታመማችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የስፖርት ሐኪም ነኝ። ረጅም ትራያትሎን የሚወዳደሩ ሰዎችን ሳክም፣ በውድድር ቀን ደግሞ ህክምና ድንኳን ውስጥ ስቆም ነው የሸበትኩት። በዚህ ሁሉ ጊዜ የማይቀርልኝ አንድ ዓይነት ስልክ አለ። ውድድሩ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይደወላል። የደዋዩ ድምፅ ተዘግቷል። “ዶክተር፣ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነው” ይለኛል። ምን እንዳመመው አይጠይቀኝም። የሚጠይቀኝ መወዳደር ይችል እንደሆነ ነው። እውነቱን ለመናገር እሱንም አይጠይቅም። ወስኖ ነው የሚደውለው፤ ከእኔ የሚፈልገው ማህተም ብቻ ነው።

አልፈርድበትም። የትራያትሎን ሙሉው ርቀት 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በዚያ ላይ 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ብዙዎቹ ውድድሮች 17 ሰዓት ገደማ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ያለፈ አይቆጠርለትም። ለዚህ የሚዘጋጅ ሰው ስንት ወር ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ተነስቷል። ጓደኞቹ ሲዝናኑ እሱ ተኝቷል፤ እነሱ ሲተኙ እሱ ፔዳል ይመታል። ከዚያ ልክ በመጨረሻው ሳምንት ጉሮሮውን ይከረክረው ጀመር። ማንም ቢሆን ያብዳል።

ግን በመጨረሻው ሰዓት መታመም እርግማን አይደለም። ጊዜውን ስታስቡት እንዲያውም የሚጠበቅ ነው። ልምምድ የሚቀነሰው ከውድድሩ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ ከዚያ ቀድሞ ያለው ደግሞ ከባዱ ወቅት ነው። በድካሙ ላይ ጭንቀት ይጨመራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ቀጥሎ አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ የደረት ቁጥር ሊቀበል በተሰለፈ ሰው ጢም ያለ አዳራሽ። ቫይረስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

እ.ኤ.አ. በ1987 የሎስ አንጀለስ ማራቶን ላይ የተጠና አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ማራቶኑን ከሮጡት መካከል በቀጣዩ ሳምንት ታመምን ያሉት፣ ተዘጋጅተው ሳይሮጡ ከቀሩት ጋር ሲነጻጸሩ ስድስት እጥፍ ገደማ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ “ከባድ ልፋት የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል” ሲባል ኖረ። አሁን አሁን ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ጥፋቱ የልፋቱ ነው ወይስ የጉዞው፣ የግፊያውና የእንቅልፍ እጦቱ? እኔን ከጠየቃችሁኝ ወደ እንቅልፉ አደላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ፈቃደኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ጨምሮ ጠብቋቸው ነበር። ከሰባት ሰዓት በታች የሚተኙት ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት ይልቅ በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ከአንድ ተጨማሪ ሩጫ አንድ ተጨማሪ ሰዓት እንቅልፍ ይሻላችኋል። እጃችሁን ታጠቡ። ሰው አትጨብጡ። ይቀየሙን ይሆን ብላችሁ ታስባላችሁ። ይቀየሙ።

የሌለ በሽታም አለ፣ እሱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ልምምድ ሲቀንስ ጊዜ ይተርፋል፣ ሰውም ራሱን ማዳመጥ ይጀምራል። ጉልበቱ ይጠዘጥዘዋል፣ ጉሮሮው የደረቀ ይመስለዋል፣ በቀን አምስቴ ሙቀቱን ይለካል። እንዲህ ከሆናችሁ ተኙ። ጠዋት ካልጠፋ እንነጋገር።

ከጠዋትም በኋላ ካልጠፋስ? ሐኪሞችና አሰልጣኞች የሚሠሩበት ቀላል መለኪያ አለ፤ አንገታችሁን ድንበር አድርጉ። ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም አፍንጫ ማፍሰስ፣ ማስነጠስ፣ ቀለል ያለ የጉሮሮ መከርከር፣ አብዛኛውን ጊዜ ለቀላል እንቅስቃሴ አያግድም። አሥር ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ፤ ከባሰባችሁ አቁሙ። ከአንገት በታች ከወረደ፣ ማለትም ከደረት የሚመጣ ሳል፣ ሰውነት መቆረጣጠም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ መታወክ ካለ፣ ልምምድ የለም። ትኩሳት ካለ ደግሞ አንገትን መለካትም አያስፈልግም። የለም ማለት የለም ነው።

ትኩሳት ላይ እንዲህ የምገግምበት ምክንያት አለኝ። ሙቀታችሁ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የልብ ምታችሁ በደቂቃ አሥር ያህል ይጨምራል፤ ያውም ተኝታችሁ። ሰውነት ውሃ ያጣል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ከፍ ባለ ልክ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ላይ ሰዓታት የሚፈጅ ልፋት ስትጨምሩበት፣ ጡንቻ የሚያመነጨው ሙቀት መውጫ ያጣል። እንዲህ ሆኖ ወደ ድንኳናችን የገባ ሰው አንዳንዴ ስሙን አያውቀውም።

ሌላው የልብ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ቫይረሶች የልብ ጡንቻ ድረስ ዘልቀው ያስቆጡታል። በህክምና ማዮካርዳይተስ ይባላል። የተለመደ ነገር አይደለም፣ ላስፈራራችሁም አልፈልግም። ግን ወጣት ስፖርተኞችን በድንገት ከሚገድሉት ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው። ክፋቱ ደግሞ አንዳንዴ ከድካም በቀር ምልክት የለውም። የተገኘበት ሰው በተለምዶ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ከውድድርና ከከባድ ልምምድ ይታገዳል። ሌላም ላስታውሳችሁ። በትራያትሎን ከሚደርሰው ድንገተኛ ሞት አብዛኛው የሚከሰተው ዋናው ላይ ነው። ሁሉም ታመው ነበር እያልኩ አይደለም። ግን ብስክሌት ላይ ያዞረው ሰው መንገድ ዳር ይቀመጣል፤ ውሃ ውስጥ ያዞረው ሰው ወዴት ይቀመጣል?

ይህን ስነግራቸው ወደ መድኃኒት ይዞራሉ። ፓራሲታሞል ውጬ ከውድድሩ መነሻ ብነሳስ? ቴርሞሜትሩን ነው ያታለላችሁት፣ በሽታው እዚያው ነው። አይቡፕሮፌንስ? ውሃ በጎደለው ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳል፤ ለረጅም ውድድር ጤነኛ ሰው እንኳ ባይወስደው እመርጣለሁ። ከመሳቢያ የተረፈ አንቲባዮቲክ? ቫይረስ ላይ አይሠራም፤ የሚያተርፍላችሁ ተቅማጥ ነው። አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን ክኒኖች ሱዶኤፌድሪን አለባቸው፤ ከተወሰነ መጠን ካለፈ በውድድር ቀን የተከለከለ ነው። “ግሉኮስ ተደርጎልኝ ልነሳ” የሚልም አይጠፋም። ሆስፒታል ውስጥ በሚሰጥ ህክምና ካልሆነ በስተቀር፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድም በፀረ ዶፒንግ ሕግ ክልክል ነው። ይህን የማያውቅ ብዙ አማተር አለ።

ሆድ የታመመ ሰው ሌላ ችግር አለበት። ተቅማጡ ቢቆምም የጠፋው ውሃና ጨው ቶሎ አይተካም። የሚበላው ካልረጋለት ደግሞ ያን ሁሉ ሰዓት በምን ጉልበት ሊሄድ ነው? በዚያ ላይ ሌሎች ሰዎች እየዋኙበት ያለ ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው።

እሺ፣ ዋናው ፍርሃት ግን ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። “የለፋሁበት ሁሉ ገደል ገባ” ነው። አልገባም። የወራት ልምምድ የሠራው ልብና ጡንቻ በሳምንት እረፍት አይፈርስም። ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በግልጽ መቀነስ የሚጀምረው ከአሥር ቀን፣ ከሁለት ሳምንት እረፍት በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚቀንሰው የደሙ ፈሳሽ ክፍል ሲሆን፣ እሱም ልምምድ ስትጀምሩ ቶሎ ይመለሳል። ስለዚህ ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው ታማችሁ አምስት ቀን ብትተኙ፣ ተሽሏችሁ ስትነሱ ያው ናችሁ። የሚያበላሸው የቀረውን ልምምድ “ለማካካስ” መሯሯጥ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የሚሠራ ከባድ ልምምድ ለውድድሩ ቀን አይደርስም፤ ድካሙ ብቻ ነው የሚደርሰው።

ውሳኔውን ማን ይወስን? እናንተ አይደላችሁም። የታመመ ተወዳዳሪ ከራሱ ጋር ሲደራደር የሚያክለው የለም። “ዋናውን ብቻ ዋኝቼ እወጣለሁ።” “ቀስ ብዬ እጨርሳለሁ።” ዓመት የለፋ ሰው ብስክሌቱ ጋ ደርሶ ሲመለስ አላየሁም። ስለዚህ ገና ጤነኛ እያላችሁ ከአሰልጣኛችሁ ወይም ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተነጋገሩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ትኩሳት ከያዘኝ አልነሳም ብላችሁ ጻፉት። ያ ቀን ሲመጣ ቃሉ የእነሱ ይሁን። ተቆጧቸው፣ ግን ስሟቸው።

አንድ ነገር አልደብቃችሁም። ታመው ተነስተው በሰላም የጨረሱ ሰዎች አሉ። ከሚደውሉልኝም ምክሬን ጥሰው ሜዳሊያቸውን ፎቶ የላኩልኝ አሉ። እነሱ ታሪኩን ሲያወሩት ደስ ይላል፣ ሌላውም ይደፍራል። ድንኳን ውስጥ የተኛው ግን ታሪኩን ለማንም አያወራም። ስለዚህ የምትሰሙት ሁልጊዜ ግማሹን ነው።

የክሪሲ ዌሊንግተንን ነገር ብታውቁት ደስ ይለኛል። እንግሊዛዊቷ በሃዋይ የሚደረገውን የአይረንማን (የዚህ ሙሉ ርቀት ትራያትሎን) የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ2008 እና በ2009 በተከታታይ አሸንፋለች። በ2010 ሻምፒዮናዋን ልታስከብር ሄዳ፣ በውድድሩ ዕለት ጠዋት አሞኛል ብላ ውድድሩን ሳትጀምር ቀረች። ዓለም እያያት ነው። ስፖንሰር አለ፣ ጋዜጠኛ አለ። ሻምፒዮን ቢያንስ መነሳት ነበረበት ያሉም አልጠፉም። በዚያው ዓመት በኅዳር አሪዞና ላይ ተወዳድራ አሸነፈች፣ በ2011 ደግሞ ሃዋይ ተመልሳ አራተኛውን የዓለም ዋንጫ ወሰደች። የእናንተ መጨረሻ እንደ እሷ ይሆናል አልልም፤ እሷ እሷ ናት። ግን ያ ጠዋት ላይ ገፍታ ብትነሳ ኖሮ ኅዳር ላይ በዚያ ጉልበት መቆሟ ያጠራጥረኛል።

ያልተነሳችሁበት ቀን ይከብዳል። ስልካችሁን ዝጉ፣ ከፈለጋችሁ አልቅሱ። ለጓደኞቻችሁም አንድ ቃል አለኝ፤ በዚያ ቀን “ሌላ ጊዜ አለ” አትበሉት። እውነት ነው፣ ግን ማግስቱን ይድረስ።

ስትመለሱ አትቸኩሉ። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከጠፋ በኋላ ጥቂት ቀን ጠብቁ፣ ከዚያ በእርምጃና በቀላል ብስክሌት ጀምሩ። ጠዋት ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ። ከወትሮው ከፍ ብሎ ከቆየ ሰውነታችሁ ገና አልጨረሰም። ደረት መውጋት፣ ልብ ያለ ሥርዓት መምታት፣ ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካለ፣ ጫማ ከማሰራችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የልብ ምርመራ አድርጉ። ይህ ሁሉ ከሌለ አራት ስድስት ሳምንት ርቆ የሚካሄድ ሌላ ውድድር ፈልጉ። አቅማችሁ እስከዚያ ይቆያል፣ የሚያስፈልገው ትንሽ ማሟሸት ነው።

የምዝገባ ገንዘቡ? ታማችሁ ብትነሱም ባትነሱም ተከፍሏል፣ ለውሳኔው አታስገቡት። የሚቀጥለውን ቅጽ ስትሞሉ ግን ማንም የማያነባትን ገጽ አንብቡ፤ ምዝገባን ወደ ሌላ ዓመት ስለማዛወር፣ ስለ ቀነ ገደቡና ስለ ሐኪም ወረቀት የምትለዋን። አንዳንድ አዘጋጆች ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ ጨርሶ አይፈቅዱም። ወረቀቱን እኔ እጽፍላችኋለሁ፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ግን አትደውሉልኝ።