ከፍለሽ ፓስፖርቱ ያልተከፈተልሽ በእነዚህ ምክንያቶች ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽ ወደታች ሳይወርድ ልመልስልሽ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው ብለሻል፤ ለሕዝብ ቴሌቪዥን በወር 5 ዶላር ማዋጣት ከጀመርሽ ሦስት ሳምንት ሆኖሻል፤ ከካርድሽ ተቆርጧል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ፓስፖርት የሚባለው፣ የፒቢኤስ (የአሜሪካ ሕዝብ ቴሌቪዥን መረብ) የአባላት ቪዲዮ አገልግሎት፣ እንደተቆለፈ ነው። በዋናነት የፈለግሽው ለልጆቹ እንደሆነ፣ ባልሽም አሮጌ መኪናውን ለጣቢያ ልስጥ ወይ እያለ እንደሆነ ጽፈሻል። «ልሰርዘው?» ነው ጥያቄሽ።

የልጆቹን ላስቀድም። ፒቢኤስ ኪድስ፣ የልጆቹ ክፍል፣ ነፃ ነው። የራሱ አፕ አለው፣ አካውንት አይጠይቅም፣ 24 ሰዓት የሚሄድ የቀጥታ ስርጭትም አለው። ለሱ ብቻ ብለሽ ከሆነ የከፈልሽው፣ ሳይከፈልም ይታያል። ፓስፖርት ለአዋቂዎች ነው፦ የድራማዎቹ ሙሉ ሲዝን፣ የቆዩ ዘጋቢ ፊልሞች። ምስሉ ጥግ ላይ ሰማያዊ ኮምፓስ ያለበት ቪዲዮ ሁሉ የሚከፈተው በእሱ ነው። ይሄን ከፈለግሽው አትሰርዢ። ገንዘብሽ ደርሷል፤ ከአፑ ጋር ያልተያያዘው አባልነትሽ ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ አባል የሆንሽው የአካባቢ ጣቢያ እንጂ የፒቢኤስ አይደለም። ስምሽም፣ ኢሜይልሽም፣ የካርድሽም ነገር ያለው ጣቢያው ጋ ነው። እኛ አካባቢ ደግሞ ሦስት አሉ፦ አርሊንግተን ያለው ዌታ፣ ኦዊንግስ ሚልስ ያለው ሜሪላንድ ፐብሊክ ቴሌቪዥን፣ እና የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው ጣቢያ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሦስቱም ስርጭት የሚደርስባት ናት። ስለዚህ መጀመሪያ የባንክ መግለጫሽን ክፈቺና 5 ዶላሩን የወሰደው የትኛው እንደሆነ ስሙን አንብቢ። ዋምዩ 88.5 ከሆነ ግን ሬዲዮ ነው፤ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የቴሌቪዥን ፓስፖርት አይከፍትም። በዚህ ግራ የሚጋባው ሰው ብዙ ነው።

1. ከጣቢያው የመጣውን ኢሜይል ፈልጊ። ላኪው በጣቢያው ስም ስለሚሆን «ፒቢኤስ» ብለሽ ብትፈልጊ ላታገኚው ትችያለሽ። «ፓስፖርት» እና «አክቲቬት» በሚሉት ቃላት ፈልጊ፤ ፕሮሞሽን እና ስፓም የሚገባበትንም እይ። ፎርሙን ባልሽ ከሞላው ያለው እሱ ሳጥን ውስጥ ነው። በኦንላይን የተከፈለ ቶሎ ይመጣል፤ ቼክ በፖስታ የላከ ሰው ሳምንታት ሊጠብቅ ይችላል።

2. ሁለት የተለያየ ኮድ አለ፤ አትቀላቅያቸው። ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሮኩው ወይም ፋየር ስቲኩ (ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሰካው የኢንተርኔት ማሳያ ዕቃ) ስክሪን ላይ የሚያወጣው ኮድ ነው። እሱ ሥራው ቴሌቪዥኑን ከአካውንትሽ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው፤ ስለ 5 ዶላሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ሌላው በኢሜይል ከጣቢያው የመጣው ነው፤ አባልነቱን አካውንቱ ላይ የሚለጥፈው ይሄኛው ነው። ቴሌቪዥኑን ብቻ ያገናኘ ሰው በስሙ ገብቶ፣ ሁሉም የተስተካከለ መስሎ፣ ኮምፓሱ ያለበትን ሲነካ ይዘጋበታል። አንቺ የገለጽሽው ቁርጥ ይሄ ነው። ስለዚህ የኢሜይሉን ሊንክ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ክፈቺ፣ ኮዱን ኮፒ አድርገሽ ለጥፊ፤ ከፊቱም ከኋላውም ባዶ ቦታ አይኑር። ከዚያ ግቢ። ቴሌቪዥኑ መጨረሻ ላይ ነው፤ አስቀድሞ የተገናኘ ከሆነ ከአካውንቱ ውጪና እንደገና ግቢ።

3. የምትገቢበት መንገድ አንድ ይሁን። በጉግል፣ በአፕል ወይም በኢሜይልና በይለፍ ቃል መግባት ይቻላል። ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ከገባሽ ሁለት አካውንት ሊፈጠርልሽ ይችላል፤ አባልነቱ ያለው ግን አንዱ ላይ ብቻ ነው። ክፉው የአፕሉ «ኢሜይሌን ደብቅ» የሚለው ነው። እሱን የመረጠ ሰው ፒቢኤስ ጋ የሚታወቀው አፕል በፈጠረለት በማይታወቅ አድራሻ ነው፤ ጣቢያው ጋ ደግሞ በጂሜይሉ። ሁለቱ በራሳቸው አይገናኙም። ስልክ ተነስቶ «በዚህ ኢሜይል አባል የለም» የሚባለውም አንዳንዴ ከዚህ ነው፤ ስታዋጪ የሞላሽው ሌላ፣ አሁን የምትጠሪላቸው ሌላ።

ይሄን ሁሉ አድርገሽም ካልከፈተ አፑ ላይ የተመረጠውን ጣቢያ እይ። አፑ ያለሽበትን ቦታ ገምቶ ራሱ ይመርጣል፤ ለሜሪላንዱ ከፍለሽ ዌታን መርጦልሽ ሊሆን ይችላል። ወደ ከፈልሽበት ቀይሪው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለጣቢያው የአባላት አገልግሎት መደወል ነው። ለፒቢኤስ ብትጽፊ ለአባልነት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ወደ ጣቢያሽ ነው የሚመልሱሽ። አንዳንዱ ጣቢያ ስልኩን የሚያነሳው በሥራ ሰዓት ብቻ ነው፤ መልእክት ተይ ይልሻል፣ ማን እንደሰማው አይታወቅም። ስትደውዪ የከፈልሽበትን ቀን፣ የካርዱን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች፣ ዚፕ ኮድሽንና ያን ጊዜ የሞላሽውን ኢሜይል ያዢ። «አይሠራም» ብቻ አትበይ፤ «ኢሜይሌን በዚህ ቀይሩና የማግበሪያውን ሊንክ እንደገና ላኩልኝ» በያቸው። በአንድ ስልክ ያልቃል።

አማዞን ላይ ከፍለሽ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ፕራይም ቪዲዮ ውስጥ በፒቢኤስ ስም የሚሸጡት ቻናሎች ፓስፖርት አይደሉም፤ እዚያ የከፈለ ሰው የማንም ጣቢያ አባል አይሆንም። ሲያዩት አንድ ይመስላል፣ ለዚህ ነው ሰው ሁለቴ የሚከፍለው።

ስለ ክፍያው፦ በካርድ ከሆነ ካርዱ ያለቀበት ወይም በአዲስ የተተካ ቀን አባልነትሽ ሊቋረጥ ይችላል። ከቼኪንግ አካውንት በቀጥታ እንዲቆረጥ ማድረግ ይሻላል። የዓመቱን 60 ዶላር አንዴ የከፈለ ሰው ደግሞ የማደሻ ደብዳቤውን ይጠንቀቅ፤ ጊዜው ሳያልቅ ወራት ቀድሞ ይመጣል፣ ያለቀበት የመሰለው ሰው ደግሞ ይከፍላል። ቀኑን አይተሽ ክፈዪ። ኮንግረስ በ2025 ለሕዝብ ብሮድካስት የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ከሰረዘ ወዲህ የጣቢያዎቹ የገንዘብ ልመና ቢበዛ አይገርምም። ስምሽ ለሌላ ድርጅት እንዳይሰጥም በዚያው ስልክ ንገሪያቸው፤ ዝርዝር የሚለዋወጡ ጣቢያዎች አሉ። ላዋጣ ሰው የሚላከውን ቦርሳና ኩባያ ካልፈለግሽ «ስጦታ አልፈልግም» የሚለውን ሳጥን ንኪ። የፈለገ ሰው ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅን ይልመድ።

እናትሽ አዲስ አበባ ሆነው እንዲያዩበት አስበሽ ከሆነ ተዪው፤ ፓስፖርት ከአሜሪካ ውጭ አይከፍትም።

የባልሽ መኪና። ጣቢያዎቹ የማይነዳ መኪና ሳይቀር ይቀበላሉ፣ መጎተቻም በነፃ ይልካሉ። ነገር ግን «ለታክስ ይጠቅማል» የሚለውን ወሬ አጣሩ። ጣቢያው መኪናውን ከ500 ዶላር በላይ ከሸጠው ታክስ ከሚታሰብበት ገቢያችሁ የምትቀንሱት የተሸጠበትን ዋጋ ነው፤ ለዚያም 1098-ሲ የሚባለው ፎርም ይመጣላችኋል። እሱም ኢተማይዝ ለሚያደርግ፣ ማለትም የሚቀነሱለትን ወጪዎች አንድ በአንድ ለሚዘረዝር ሰው ነው። ከ2026 ጀምሮ ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ሳይዘረዘር የሚቀነሰውን የተወሰነ መጠን) የሚወስድ ሰው እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት በአንድ ላይ እስከ 2,000 መቀነስ ተፈቅዶለታል፤ ግን ለጥሬ ገንዘብ ነው። ወርሃዊዋ 5 ዶላር ትገባለች፣ መኪናው አይገባም።

ቅደም ተከተሉን ደግሞ አትሳቱ። መጎተቻው ሲመጣ ታይትሉን (የባለቤትነት ወረቀቱን) ፈርሞ ይስጥ፣ ታርጋውን ግን ፈትቶ ይያዝ። ታርጋው ለሜሪላንድ ኤምቪኤ (የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤቱ) ተመልሶ ደረሰኙ በእጁ ከገባ በኋላ ነው ኢንሹራንሱ የሚሰረዘው። ኢንሹራንሱን ያስቀደመ ሰው መኪናው የትም ይሁን የት በስሙ «ኢንሹራንስ የሌለው» ተብሎ ይቀጣል፣ ቅጣቱም በቀን እየቆጠረ ይጨምራል።

ኢሜይሉን ፈልገሽ ካጣሽው የትኛው ጣቢያ እንደሆነ እዚህ ጻፊልኝ።