ዲቪ ደርሷት “የኩፍር አገር ነው” ለተባለችው እህታችን

ወዐለይኩሙሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ እህቴ። ጥያቄሽን ያነበብኩት ሌሊት ከሥራ ስገባ ነው፤ መልስ ሳልሰጥሽ መተኛት አልቻልኩም። ደሴ ነሽ፣ ሃያ ስድስት ዓመትሽ ነው፣ ዲቪ ደርሶሻል፣ አባትሽ ደስ ብሏቸዋል። አንድ የመስጂድ ወንድም ግን “በሙሽሪኮች (በጣዖት አምላኪዎች) መካከል ከሚኖር ሙስሊም እኔ የጠራሁ ነኝ” የሚለውን ሐዲስ ልኮልሽ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥተሻል። በዚያ ላይ አብሮሽ የሚሄድ መሕረም፣ ማለትም ባል ወይም ሊያገባሽ የማይፈቀድለት የቅርብ ወንድ ዘመድ፣ የለሽም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሙስሐፍ (የቁርኣን መጽሐፍ) ይዞ መሄድ ይቻላል ወይ ብለሻል። ከኔ በፊት ከመለሱልሽ ግማሾቹ “ሐራም ነው፣ አለቀ”፣ ግማሾቹ “አንቺ ሂጂ፣ ምን አገባው” ብለው አልፈዋል። ሁለቱም ያሳረፉሽ አይመስለኝም።

እኔ ዓሊም አይደለሁም። ኮምቦልቻ ተወልጄ፣ አራት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርቼ፣ ከ2003 ጀምሮ ከባለቤቴ ጋር ሲያትል የምኖር ሴት ነኝ። ፈትዋውን ለሸህሽ ተዪው፤ እኔ ያየሁትንና ከዑለማዎች የሰማሁትን ነው የምነግርሽ።

ከሐዲሱ ልጀምር። ሐዲሱ አለ፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል፤ ያ ወንድም አልዋሸሽም። የላከልሽ ግን መጨረሻውን ብቻ ነው። ነገሩ የተባለው በጦርነት ላይ ነው። ወደ ኸሥዐም ጎሳ በተላከ ዘመቻ ከጠላት መሃል የነበሩ ሰዎች ሱጁድ ወርደው ሙስሊምነታቸውን ለማሳየት ቢሞክሩም በግርግሩ ተገደሉ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የደማቸውን ካሳ ግማሹን እንዲከፈል አዘዙና ይህን ተናገሩ። ከዚያ ውጪ ከሐዲስ ሊቃውንት ብዙዎቹ ሰነዱ ሙርሰል ነው፣ ማለትም ከነቢዩ የሰማው ሰሓባ ከሰንሰለቱ ጎድሏል፣ ብለዋል፤ ሰሒሕ ያሉትም አሉ። በሱረቱ ኒሳእ “የአላህ ምድር ሰፊ አልነበረችምን?” የሚለው አንቀጽም እንዲሁ ነው። ኢብኑ ዐባስ እንዳስተላለፉት፣ መሰደድ እየቻሉ መካ ቀርተው ከሙሽሪኮቹ ሰልፍ ጋር ስለወጡ ሰዎች የወረደ ነው። አንቺ ወደ ማንም ጦር አትሄጂም፤ የምትሄጂው ሥራ ፍለጋ ነው። ይህ ማለት ሐዲሱ አይመለከትሽም ማለት አይደለም። ዑለማዎቹ ራሳቸው እንዴት እንደተረዱት ሳታዪ በአንድ መስመር ሕይወትሽን አትዝጊ ለማለት ነው።

ዑለማዎቹም አንድ ቃል አልተናገሩም። ከሻፊዒ መዝሀብ (የፊቅህ መንገድ) ኢማም ማወርዲ፣ ሙስሊም ዲኑን በግልጽ ማራመድ በሚችልበት የኩፍር አገር መኖሩ ከመውጣቱ ይበልጣል እስከማለት ደርሰዋል፤ ሌሎች በሱ ሰበብ ይሰልማሉ ተብሎ ስለሚታሰብ። በሌላው ጫፍ ከማሊኪ መዝሀብ ወንሸሪሲ አሉ። አንዳሉስ (የሙስሊሞቹ ስፔን) በክርስቲያኖች እጅ ስትወድቅ እዚያ የቀሩት ሙስሊሞች መውጣት ግዴታቸው ነው ብለው በ1491 እ.ኤ.አ. ጻፉ። አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ ሌላ ማሊኪ፣ የወህራኑ (የአልጄሪያዋ ኦራን) ሙፍቲ፣ በግድ ለተጠመቁት የዚያው አገር ሙስሊሞች ሶላታቸውንና ውዱአቸውን ተደብቀው እንዴት እንደሚያደርጉ የሚያስተምር ደብዳቤ ላኩላቸው። መዝሀቡ አንድ ነው፤ የተጠየቁት ሰዎች ሁኔታ ነው የተለያየው። ከኛ ዘመን ደግሞ ጥብቅ ከሚባሉት ሸህ ኢብኑ ዑሠይሚን ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ጥርጣሬን የሚመልስ ዕውቀት፣ ስሜትን የሚገታ ዲን፣ እውነተኛ ሐጃ (አስገዳጅ ጉዳይ)። እኔ ይህቺን ነው የያዝኩት። ያ ወንድምሽም ከሐዲሱ ጋር ይህችን ቢልክልሽ ኖሮ አንቺም ትተኚ ነበር፣ እኔም እተኛ ነበር።

ደግሞ የኛን አገር ነገር እንዴት እንረሳዋለን? ሰሓቦች መጀመሪያ የተሰደዱት ክርስቲያን ንጉሥ ወዳለበት ሐበሻ ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ልጆቻችን በመንዙማ ነው የሚያድጉት። ብዙ ሰው የማያስተውለው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በ622 እ.ኤ.አ. ወደ መዲና ሂጅራ ተደረገ፣ የሙስሊሞች መንግሥት ቆመ። የነቢዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈርና አብረውት የነበሩት ግን ከዚያም በኋላ ሐበሻ ስድስት ዓመት ያህል ቆይተው በኸይበር ዘመቻ ጊዜ ነው የተመለሱት። መዲና እያለ ሐበሻ መቀመጣቸው ወንጀል ቢሆን ኖሮ ነቢዩ ዝም ይሏቸው ነበር? የጃዕፈር ሚስት አስማ ቢንት ዑመይስ ስትመለስ ዑመር (ረ.ዐ) “በሂጅራ ቀድመናችኋል” ቢሏት ተቆጣች። እናንተ ከነቢዩ ጋር ነበራችሁ፣ የተራባችሁን ያበሉ ያላወቃችሁትን ያስተምሩ ነበር፤ እኛ ግን በሩቅና በተጠላ አገር ነበርን አለች። (እንደ ሐበሻነቴ ይቺ “የተጠላ” የምትለዋ ትንሽ ትቆረቁረኛለች። ግን እውነቷን ነው፤ ናፍቆት የያዘው ሰው አገር አይጥመውም።) ነቢዩም ለነሱ አንድ ሂጅራ፣ ለናንተ ለመርከቡ ሰዎች ሁለት ሂጅራ አላችሁ ብለው አሳረፏት። በቡኻሪም በሙስሊምም አለ።

እና ያ ወንድምሽ ራሱ የት ሆኖ ነው ሐዲሱን የላከልሽ? ደሴ። በድሮ ኪታቦች አከፋፈል ደሴ ዳሩል ኢስላም (የእስልምና አገር) ናት? አያቶቻችን በ1870 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠመቁ ሲባሉ ከፊሉ ሸሸ፣ ከፊሉ ከነሸህ ጦልሃ ጋር ለመቃወም ተነሣ፣ ከፊሉ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ዲኑን አቆየልን። ኢድ እንኳ የሕዝብ በዓል የሆነልን ከ1966ቱ የሙስሊሞች ሰልፍ በኋላ ነው። ወሎ እኮ እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ነው መሻይኽ ያፈራችው። ሙስሊም ባልሆነ መንግሥት ሥር መኖርን ሰበቡ ዲቪ ሲሆን ብቻ ሰምተን የምንደነግጥ እንግዳ አይደለንም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ጅዳ ስሄድ አንድም ሰው ሐራም ነው አላለኝም። መሕረምሽ የታለ ያለኝም የለም። ኤርፖርት የተቀበለኝ ወንድ ሹፌር ነው፤ ፓስፖርቴን የዚያኑ ቀን ወሰዱት። መካ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ሆና በአራት ዓመት ውስጥ ዑምራ ያደረግኩት አንዴ ብቻ ነው፣ ያውም ልጆቻቸውን ተሸክሜ። ረመዳን ሲመጣ አስር ዓይነት ምግብ እየሠራሁ ተራዊሕን ከመስጂዱ ድምፅ ማጉያ በወጥ ቤት መስኮት ነበር የምሰማው። ግፍ አልናገርም፤ አዛን ሰምተሽ ትነቂያለሽ፣ ሥጋው ሐላል ነው ወይ ብለሽ አትጨነቂም፣ መንገድ ላይ የሚያፈጥብሽ የለም። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው፣ እዚህ ስመጣ ነው የገባኝ። ግን “የሙስሊም አገር” የሚለው ስም ብቻውን ሶላቴን አልጠበቀልኝም። የያዘኝ ቤት ነው የወሰነው።

ሲያትል ደግሞ በተቃራኒው ነው። አገሩ ስለ ዲንሽ ደንታ የለውም፤ አንቺ ካልቆምሽለት የሚያቆምልሽ የለም። የመጀመሪያ ሥራዬ ሆቴል ጽዳት ነበር። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ አስር ሰዓት ከሃያ ላይ ትጠልቃለች፤ ዙህር፣ ዐስር፣ መግሪብ ሦስቱም በአንድ ፈረቃ ውስጥ ይገቡብሻል። እረፍቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። እግሬን ሲንክ ውስጥ ስታጠብ አንዷ አይታ ለኃላፊዋ ከሰሰችኝ፤ ተጠርቼ ተገሠጽኩ፤ አለቀስኩ። መፍትሔውን የነገረችኝ አንዲት የሶማሌ እናት ናት፦ ሱብሂ ላይ ቤትሽ ሙሉ ውዱእ አድርገሽ ኹፍ (የቆዳ ካልሲ) ልበሺ፣ ሥራ ቦታ ላዩን ማበስ ይበቃሻል፣ ለነዋሪ አንድ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ይህን ፊቅህ ኮምቦልቻ ተምሬው ነበር። ጥቅም ላይ ያዋልኩት ግን አሜሪካ ነው። ከአንሶላው ክምር ጀርባ መስገጃ ዘርግቼ ስንት ዓመት ሰገድኩ።

ቆይቶ ሚኒባር ውስጥ ቢራና ወይን ሙይ ተባልኩ። አልችልም አልኩ፣ እንግሊዝኛዬ ያኔ ያችኑ ያህል ነበር። አንዷ ፊሊፒናዊት የኔን ሚኒባር ልትሞላ፣ እኔ የሷን ሁለት መታጠቢያ ቤት ላጸዳ ተስማማን። ኋላ ነው የሰማሁት፤ የ1964 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪው በሥራው ላይ ከባድ ጫና እስካልሆነበት ድረስ ለሠራተኛው ሃይማኖት እንዲያመቻች ያስገድደዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የበላይ ፍርድ ቤታቸው በሒጃቧ ምክንያት ሥራ ለተነፈገች ወጣት ሙስሊም ፈርዶላታል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ያን ያህል አላለቅስም ነበር። የሚያስፈልግሽን ዕውቀት ከዐቂዳ ጋር ብቻ አታያይዢው፤ መብትሽንም ማወቅ ይጨመርበት።

ጾሙን አትፍሪው። በ2008 ረመዳን ሰኔን ሙሉ ሲይዝ ከሌሊቱ ዘጠኝ አካባቢ ጀምረን ማታ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር የምናፈጥረው፣ አሥራ ስምንት ሰዓት። ቻልነው፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ወደ ክረምታቸው ስለገባ ቀኑ አጭር ነው፤ ሳይርብሽ ይመሻል።

የሚያስፈራኝ ልጅ ነው። አንቺ ገና አላገባሽም፣ ግን ትደርሺበታለሽ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለ “እማ፣ ጓደኛዬ ጀነት አይገባም?” ብሎ ጠየቀኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በዚያ ዕድሜ ይህን ጥያቄ ማንም አይጠይቅሽም፤ እዚህ ግን ምሳውን ጎን ለጎን የሚበላው ልጅ ሙስሊም አይደለም፣ ደግሞ ጥሩ ልጅ ነው። “የሱን አላህ ያውቃል፣ አንተ ብስኩትህን አካፍለው” ብዬ አለፍኩ፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። ጎረቤቶቼ ውስጥ ልጆቻቸው ከዲኑ የወጡባቸው አሉ፣ ቁርኣን ሐፍዘው የወጡም አሉ። እንደኔ ዕይታ የለያቸው ሰፈሩ ወይም ትምህርት ቤቱ አይደለም። እናትም አባትም ሁለት ሁለት ሥራ ይዘው ልጁን ስልክ ያሳደገበት ቤት ነው የተበተነው። እኛ ይህን ስናይ ባለቤቴ የሌሊቱን ታክሲ ተወ። ገቢያችን ቀነሰ፤ ወደ አገር ቤት የምንልከውም ቀነሰ፤ ቤተሰብ ተቀየመን። እስካሁንም የተቀየሙ አሉ።

ወለድን በአጭሩ፦ ቤት ካልገዛሽ ብለው ያስጨንቁሻል። የአውሮፓ የፈትዋ ምክር ቤት በ1999 እ.ኤ.አ. ሌላ አማራጭ ላጣ መኖሪያ ቤት በወለድ ብድር መግዛትን በአብላጫ ድምፅ ፈቅዷል፤ አጥብቀው የተቃወሙት ዑለማዎችም ብዙ ናቸው። እኛ እስካሁን ተከራይ ነን፤ መኪናችንም አሮጌ ናት፣ በካሽ የተገዛች።

መሕረም። ብዙዎቹ ፉቀሓዎች ሴት ያለ መሕረም አትጓዝ ይላሉ፤ ሐዲሱም ግልጽ ነው። ከሻፊዒዮች ውስጥ ግን መንገዱ ሰላም ከሆነና ታማኝ ሴቶች አብረዋት ካሉ ያቃለሉ አሉ። ሴት ብቻዋን ከሒራ (ከኢራቅ) ተነሥታ ከአላህ በቀር ማንንም ሳትፈራ ካዕባን የምትጠውፍበት ቀን ይመጣል የሚለውን የዐዲይ ኢብኑ ሓቲምን ሐዲስ የሚጠቅሱም አሉ። ከተቻለ ወንድምሽ ወይም አባትሽ አይለዩሽ፤ ካልተቻለ ይህን ጉዳይ ለሸህሽ በደንብ አስረጂ፣ “ሐጃዬ ይህ ነው” በይ። እኔ የምጨምርልሽ አንድ ነገር ነው። ሰው ሁሉ የሚጨቃጨቀው ስለ አውሮፕላኑ ነው። አውሮፕላኑ በአንድ ቀን ያልቃል። የሚያሳስበው ደርሰሽ የምትገቢበት አፓርታማ ነው። ያጎትሽ ልጅ “እኔ ጋ ትረፍ” ብሏል ብለሽ ጽፈሻል። ያገባ ነው? ሚስቱ እዚያው ናት? ስንት መኝታ ቤት አለው? መታጠቢያው አንድ ነው? ሳታፍሪ ጠይቂ። እኔ እያወቅኳቸው ስድስት ወር፣ ዓመት፣ ከአጅነቢ (መሕረም ካልሆኑ) ወንዶች ጋር በአንድ ሳሎን የከረሙ እህቶች አሉ፤ ኪራዩ ውድ ስለሆነ መውጫ አጥተው። ከዚያ ቤት እስከ መስጂድ ባስ አለ ወይ ብለሽም ጠይቂ። መልሱ “እዚህ አካባቢ ሐበሻ የለም፣ ግን ሥራ ሞልቷል” ከሆነ ሌላ ከተማ ፈልጊ። ሲያትልም፣ ሚኒሶታም፣ ዲሲ አካባቢም ቁርኣን የሚቀራባቸው የኛ ሰዎች መስጂዶች አሉ። ሳታውቂያቸውም ደውለሽ ብትጠይቂ ሴቶቹ ማረፊያ ያፈላልጉልሻል፤ እኔም አለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ሙስሐፉን ያዢው። ቁርኣን ይዞ ወደ ጠላት ምድር መጓዝን የከለከለው ሐዲስ ምክንያቱን ራሱ ይነግርሻል፦ በእጃቸው ገብቶ እንዳይዋረድ ነው። ያ ሥጋት በሌለበት ዑለማዎች ይፈቅዳሉ። በእጅ ሻንጣሽ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከላይ አድርጊው። የኔን ኤርፖርት ላይ ሴትዮዋ ገለጥ አድርጋ አየችው፣ “ሆሊ ቡክ?” አለችኝ፣ አዎ አልኩ፣ በሁለት እጇ መልሳ አስቀመጠችው። አንድ ሰዓት ሙሉ ያስቆመኝ በርበሬው ነው።