ዝሆን በማደጎ መያዝ ምን ማለት ነው? ጠይቁኝ

ኑሮዬ ናይሮቢ ነው። እዚህ ባለው፣ ወላጅ አልባ የዝሆን ግልገሎችን በሚያሳድገው የሼልድሪክ ድርጅት በኩል አንዲት ዝሆን በማደጎ ይዣለሁ ስላችሁ ግማሻችሁ ሳቃችሁ፣ ግማሻችሁ ጠየቃችሁ። የጠየቃችሁትን ልመልስ።

ቤትህ ልታመጣት ነው እንዴ?

የእኔ ግቢ ለፍየልም አይበቃ! ማደጎው የስም ነው። በዓመት ቢያንስ 50 ዶላር ትከፍላለህ፣ ከወላጅ አልባዎቹ አንዱን ትመርጣለህ፣ በየወሩ ወሬው በኢሜይል ይደርስሃል። ዝሆኗ የኔ ንብረት አይደለችም፤ ልትሆንም አይገባም።

ብሩ በቀጥታ ለእሷ ነው የሚውለው?

ቁርጡን ልንገርህ፣ አይደለም። አንዷን ዝሆን ስንት ሰው በማደጎ ይዟታል። የሁሉም ገንዘብ ተደምሮ ወተት ይገዛል፣ ጠባቂ ይቀጠራል፣ መድኃኒት ይሸፈናል። ይሄ ማታለል ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እኔ ግን ከመጀመሪያው እስከተነገረኝ ድረስ ቅር አይለኝም። ፎቶዋ የሚያምረው ዝሆን ፎቶ የማይወጣላትንም ታበላለች።

ጋሼ፣ የላም ወተት ብትሰጧቸው ወጪው አይቀንስም?

ይገድላቸዋል እኮ ልጄ። የዝሆን ግልገል የላም ወተት ስቡን መፍጨት አይችልም። የድርጅቱ መሥራች ዳፍኒ ሼልድሪክ ለዓመታት ያልሞከረችው ነገር የለም፤ ግልገሎቹ እጇ ላይ ይሞቱባት ነበር። በመጨረሻ ለሰው ሕፃን የሚሆን የዱቄት ወተት ከኮኮናት ዘይት ጋር ሲሆን ተስማማቸው። እሱንም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይጠጣሉ። ጠባቂው እዚያው ጋጣ ውስጥ አብሮ ያድራል።

ወተቱ ብቻ ደግሞ አይበቃም። አይሻ የምትባል ግልገል ነበረች። ዳፍኒ ልጇን ልትድር ስትሄድ አይሻ ምግብ አልበላ ብላ በናፍቆት ሞተች። ዛሬ ጠባቂዎች ማታ ማታ የሚቀያየሩት ለዚህ ነው፤ ግልገሏ አንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳትጣበቅ።

የቆሰሉትስ? ይድናሉ?

ሁሉም አይድኑም። የእንኬሻን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሳይ ማራ ውስጥ ስትገኝ የሽቦ ወጥመድ ኩምቢዋን ሊቆርጠው ምንም አልቀረውም ነበር። ሐኪሞቹ ሰፉላት። ኩምቢ ለዝሆን እጅም አፍንጫም ነው፤ ያለ እሱ ውሃ እንኳ መጠጣት ያስቸግራታል። ጠባሳው አሁንም አለ፣ ኩምቢዋ ግን ተርፏል።

ሙሬራ ደግሞ እግሯ ክፉኛ የተጎዳ ናት። አብዛኞቹ ወላጅ አልባዎች ካደጉ በኋላ ወደ ጻቮ ብሔራዊ ፓርክ ይሄዳሉ፤ ጻቮ ግን ደረቅ ነው፣ ሣርና ውሃ ፍለጋ ብዙ ያስኬዳል። ስለዚህ ለእሷና ለመሰሎቿ ኪብዌዚ ጫካ ውስጥ፣ ውሃና ቅጠል ቅርብ የሆነበት ኡማኒ ስፕሪንግስ የሚባል ቦታ ተዘጋጀ። ጥሩ ማዕከል ለእኔ እንዲህ ያለ ነው። ሁሉንም በአንድ መንገድ ወደ ዱር አይገፋም።

እኛ አገር የለም?

አለ እንጂ! ሆለታ አቅራቢያ እንስሳ ኮቴ የሚባል፣ ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት ማዕከል አለ። በሰንሰለት ታስረው የኖሩ አንበሶች፣ ከነጋዴ እጅ የተያዙ አቦሸማኔዎች ነው ያሉት። ብዙዎቹ ማደን ከእናታቸው ስላልተማሩ ወደ ዱር አይመለሱም፤ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የሚቀልባቸው ያስፈልጋል።

ዱባይ ነኝ። የአቦሸማኔ ግልገል የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ። ገዝቼ ባድነውስ?

ወንድሜ፣ እንዳታደርገው! አንተ የከፈልከው ብር የሚቀጥለውን ግልገል ያስይዛል። ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከአካባቢው በሶማሌላንድ በኩል ባሕር የሚሻገሩት ግልገሎች ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። ዱባይም ቢሆን አደገኛ አውሬ በግል መያዝ በሕግ ተከልክሏል። ለመንግሥት ጠቁም። ብሩን መስጠት ካሰብክ ከነጋዴ እጅ የተወሰዱትን ግልገሎች ሶማሌላንድ ውስጥ የሚያሳድግ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ አለ። ደግሞ የሀብታም መኪና ውስጥ የተቀመጠ አቦሸማኔ ፎቶ ባየህ ቁጥር ላይክ አታድርግ። ገበያውን የሚያሞቀው እሱ ነው።

አጭበርባሪውን ማዕከል በምን እለያለሁ?

ግልገል አሳቅፎ ሰልፊ የሚያስነሳህ ከሆነ ተወው። ሌላው፣ የሞተውን ይናገራል ወይ? በየወሩ ደስ የሚል ወሬ ብቻ የሚልክልህ ማዕከል ያጠራጥረኛል። ከሼልድሪክ የሞት ዜናም ይደርሰናል፤ ያማል፣ ግን እምነቴን ያጠነክረዋል።

ናይሮቢ ስመጣ ማየት እችላለሁ?

አስቀድመሽ ቦታ ያዢ እንጂ ትችያለሽ እህቴ። ለሕዝብ ክፍት የሚሆነው ረፋድ ላይ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። በማደጎ የያዘ ሰው ግን በቀጠሮ ማታ ወደ ጋጣቸው ሲገቡ ማየት ይችላል። ጎብኚውን ከዝሆኖቹ ከሚለየው ገመድ አጠገብ ከቆምሽ ነጭ አትልበሺ፤ ጭቃ ውስጥ ተንከባለው ነው የሚመጡት።