ለተራራ ወጪ ወገኖቼ፦ ይሉኝታችሁን ከበረዶው በታች ተዉት

ለጥምቀት ጎንደር በገባሁ በማግስቱ፣ ፒያሳ ማኪያቶ ስንጠጣ አንድ ከዴንቨር የመጣ ወጣት ስልኩን አቀበለኝ። በፎቶው ላይ አዲስ በረዶ ከተከመረበት ተዳፋት ሥር ብቻውን ቆሟል። ደንግጬ ብቆጣው «ጋሼ፣ እኔ እኮ የደባርቅ ልጅ ነኝ!» አለኝ። ለእሱና እንደ እሱ በውጭ አገር በረዷማ ተራራ ለምትወጡ ሁሉ፣ ከበረዶ ናዳ የምትጠበቁበትን እነሆ።

1. ወረቀት፦ የነፍስ አድን ወጪን የሚሸፍን መድን ሳትይዙ አትውጡ።

2. የሰሜን ተራሮችን አትጥሩብኝ። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ቢሆንም አልፎ አልፎ የሚጥልበት በረዶ ብዙም ሳይቆይ ይቀልጣል። ዴንቨር አጠገብ ያሉት የአሜሪካ የሮኪ ተራሮች በረዶ ግን እየተነባበረ ይከርማል፤ የሥረኛው ንብርብር እንደ ስኳር የላላ ከሆነ፣ በላዩ የተጋገረው ንጣፍ በአንድ ሰው ክብደት ተሰንጥቆ ሊናድ ይችላል። አብዛኛው ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ሲሆን፣ ሰው ከሚገድሉት ናዳዎች የሚበዙትን የሚቀሰቅሰው ሟቹ ራሱ ወይም ጓደኛው ነው። የዕለቱን የናዳ ትንበያ አንብቡ፤ ከ5ቱ የአደጋ ደረጃዎች 3ኛው መካከለኛ መስሎ ያታልላል፣ ብዙ ሰው የሚያልቀውም በእሱ ነው።

3. ትራንሲቨር (የተቀበረ ሰው ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ምልክት የሚያሳይ መሣሪያ)፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ እያንዳንዱ ሰው ይያዝ። የተቀበረ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል፤ ሄሊኮፕተር ደግሞ በዚያ ጊዜ አይደርስም። አደገኛ ተዳፋት ስትሻገሩ አንድ በአንድ እለፉ፣ የቀራችሁትም ዓይናችሁን ከሚሻገረው አትንቀሉ።

4. ይሉኝታ። ከዓመታት በፊት ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስወጣ፣ እግሬ ሥር ባዶ ጎታ ሲመታ እንደሚሰማው ያለ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ፤ ከስኪዬ (ከበረዶ መንሸራተቻዬ) ጫፍም ቀጭን ስንጥቅ ወደ ፊት ሮጠ። ሁለቱም በረዶው ሊናድ እንደተዘጋጀ የሚናገሩ ምልክቶች መሆናቸውን በሥልጠና ተምሬ ነበር። ከመካከላቸው ሐበሻ እኔ ብቻ ስለነበርሁ «ፈራ» እንዳልባል ዝም አልሁ። እናንተ ግን ያን ድምፅ ስትሰሙ፣ የመጣው ስም ይምጣ ብላችሁ «እንመለስ» በሉ፤ በዚያ ቀን ለመመለስ ከአንድ ሰው አፍ አንድ ቃል ይበቃን ነበርና። ጥቂት እንደሄድን ከኋላችን የነበረውን ልጅ ናዳው ወሰደው። አካፋ የያዘው አንዳችን ብቻ ስለነበር እኔ በስኪዬ ቆፈርሁ፤ ናዳው ሲቆም በረዶው እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። ስናወጣው ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አንድ እጁ ፊቱን ሸፍኖ ቀርቷል።

እናቱ በቀብሩ ዕለት «ምንም ምልክት አላያችሁም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላየንም» አልኋት።